ረዳት መሪ ሲይዝ

ዛሬ የማጫውትህ ስለ መኪና ነው። «መኪና የለኝም» ብለህ ገጹን እንዳትገለብጠው፤ እኔም የለኝም። በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች መኪና እስክንገዛ ድረስ፥ መኪናው ያለ ሰው የሚሄድበት ዘመን ሳይቀድመን አይቀርም። ነገር ግን መሪ ጨብጦ ከሚነዳው ይልቅ ተሳፍሮ የሚሄደው ሰው፥ ሾፌሩ ምን እያሰበ እንደሆነ ቢያውቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ እንጓዝ ነበር። መኪናዋ ከቻይና የመጣች፥ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አዲስ መኪና ናት። በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ በ2024 ከተከለከለ ወዲህ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) እንዲህ ያሉት መኪናዎች በከተማችን በርክተዋል። ነጂው የእህቴ ልጅ ነው። ጋቢና የተቀመጡት ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ በጉልማሳነታቸው ከኮምቦልቻ ተነሥተው፥ የባቲን ቁልቁለት ወርደው፥ ሚሌን አልፈው እስከ አሰብ ወደብ ድረስ በኤንትሬ ፊያት ጭነት ያመላልሱ የነበሩ ሾፌር ናቸው።

የክፍያውን በር እንዳለፍን ልጁ አንድ ቁልፍ ተጫነና፥ «ጋሼ፥ እንግዲህ ይመልከቱ!» ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ አነሣ። መኪናዋ በሁለቱ ነጫጭ መስመሮች መካከል ቀጥ ብላ ሄደች። መሪው፥ የማይታይ ሰው እንደ ያዘው ሁሉ፥ ጥቂት ወደ ግራ ጥቂት ወደ ቀኝ ይላል። ልጁ ደስ ብሎት ወደ እኔ ዞሮ ሣቀ። ጥቂት ሴኮንዶች እንዳለፉ ግን መኪናዋ ጮኸች፤ በፊት ለፊቷ ባለው መስኮት ላይ ቀይ ጽሕፈት ብልጭ አለ፤ አንዲት ሴት በለዘበ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። የተናገረችው ግን በቻይንኛ ነው!

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

«እጅህን መልስ ማለቷ ነው መሰለኝ» አለ ልጁ።

«መሰለኝ?» አሉ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ አዳማ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በውነቱ ያቺ መኪና እጅ ከመሪ እንዲነሣባት የተሠራች አይደለችም። ሥራዋ ነጂውን ማገዝ ብቻ ነው፤ እጁ ሲጠፋባት የምትጮኸውም ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። እጅን አንሥቶ መሄድ የተፈቀደበት መሣሪያ ሌላ ነው፤ ነገሩም ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ጄኔራል ሞተርስ በ2017 ሱፐር ክሩዝ የተባለውን መሣሪያ በካዲላክ መኪና ላይ አወጣ። ፎርድም በ2021 ብሉ ክሩዝ የሚባለውን አስከተለ፤ ይኸው የፎርድ መሣሪያ በ2023 በብሪታንያ አውራ ጎዳናዎች ላይ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራና ራዳር ከፊት ያለውን መኪናና የመንገዱን መስመር ይመለከታሉ። ሱፐር ክሩዝ ከዚህም ሌላ አስቀድሞ በላይዘር የተለካ የመንገድ ካርታ አለው፤ በጀመረበት ጊዜ ካርታው ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የአሜሪካና የካናዳ አውራ ጎዳና ይዞ ነበር። ከካርታው ውጭ ከሆንህ መሣሪያው አይሠራልህም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚመለከተው ካሜራ ነው። በመሪው አጠገብ ተተክሎ የነጂውን ፊትና ዓይን ይጠብቃል። መንገድ መንገዱን ካየህ በመሪው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራልሃል። ወደ ስልክህ ካዘነበልህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አሁንም እንቢ ካልህ ይቀላል፥ ይጮኻል፤ በመጨረሻ መኪናውን እዚያው ያቆመዋል። እንግዲህ እጅህን ፈታ፥ ዓይንህን አሰረ ማለት ነው።

ሰው ከመኪና መንዳት ሥራ ጥቂቱን ለመሣሪያ መስጠት የጀመረው ግን ዛሬ አይደለም። የመኪናን ፍጥነት እግር ሳይነካው አንድ ልክ ላይ የሚይዘውን መሣሪያ የፈለሰፈው ራልፍ ቲቶር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ቲቶር ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበረ። እንደሚተረከው ጠበቃው መኪና ሲነዳ፥ ሲናገር ያዘግማል፥ ሲያዳምጥ ይፈጥናል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ቲቶር በዚህ መንገጫገጭ ተማርሮ መሣሪያውን አሰበ ይባላል። የፈጠራ መብቱን በ1950 አገኘ፤ ክራይስለር ኩባንያም በ1958 መኪናዎቹ ላይ ገጠመው። ከመኪናው ውስጥ ካሉት ሁሉ የነጂውን ጉድለት ለይቶ ያወቀው ማየት የማይችለው ተሳፋሪ መሆኑን ልብ በልልኝ።

አሁን ወደ ነጂዎቹ አስተያየት እንምጣ። ረዥም መንገድ የሚጓዙትና በየማለዳው በተጨናነቀ ጎዳና ወደ ሥራ የሚሄዱት ሰዎች መሣሪያውን ያመሰግኑታል። ትከሻችን አይወጠርም፥ ስንደርስ እንደ ቀድሞው አንዝልም ይላሉ። ይህን ንቆ ማለፍ አይገባም፤ ድካምም ሰው ይገድላልና። ሌሎች ደግሞ ጩኸቱ ያስመርራቸዋል፤ ወደ ጎን ዘወር ባልን ቁጥር እንደ ሕፃን ያስጠነቅቀናል ይላሉ። በዚህም የተነሣ መሣሪያውን ማታለል ራሱን የቻለ ብልሃት ሆኖ ነበር። የቴስላ መኪና የእጅ ክብደት በመሪው ላይ ሲያጣ ይጮኽ ስለ ነበር፥ አንዳንዱ ብርቱካን በመሪው ቀዳዳ ወትፎ መኪናውን እጄ ነው ብሎ አሳመነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ክብደት በገበያ እስኪሸጥ ድረስ ተደርሶ፥ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2018 ሽያጩን አስቁሟል። አንባቢ ሆይ፥ ሕይወቱን የሚጠብቅለትን ዘበኛ በብርቱካን የሚደልል ሰው ምን ይባላል?

ሌላው ቅሬታ ድንገተኛ ፍሬን ነው። በፊታቸው ምንም ሳይኖር መኪናቸው በፈጣን መንገድ ላይ ፍሬን እየያዘ ያስደነገጣቸው የቴስላ ነጂዎች አቤቱታ በዘጠኝ ወር ውስጥ 354 ደርሶ፥ ያው መሥሪያ ቤት በ2022 ምርመራ ከፍቶበታል። መሐንዲሶቹን ከሁለት ወገን የሚይዛቸው ችግር ይህ ነው፤ መሣሪያውን ንቁ ቢያደርጉት ጥላ አይቶ ይደነግጣል፤ ቢያደነዝዙት ደግሞ የቆመ መኪና ያልፈዋል። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ራዳር ድልድዩንም ምልክቱንም የቆመውንም ሁሉ ያያልና፥ ለሁሉ ፍሬን እንዳይዝ የማይንቀሳቀሰውን ነገር ችላ እንዲል ይደረግ ነበር። በ2024 በአሜሪካ በሳን አንቶኒዮና በፊላደልፊያ ከተሞች በብሉ ክሩዝ ይሄዱ የነበሩ ሁለት የፎርድ መኪናዎች በሌሊት ከቆሙ መኪናዎች ጋር ተጋጭተው ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም ምርመራ ጀመረ።

ከማጉረምረሙ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መተማመኑ ነው። የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2022 እነዚህን መሣሪያዎች ዘወትር የሚጠቀሙ 600 ነጂዎችን ጠይቆ ነበር። ከሱፐር ክሩዝ ተጠቃሚዎች በመቶ 53፥ የቴስላ አውቶፓይለት ካላቸው በመቶ 42፥ መኪናችንን ፈጽሞ ራሱን እንደሚነዳ አድርገን ብንይዘው አንጨነቅም አሉ። ኒሳን ፕሮፓይለት አሲስት ያላቸው ግን በመቶ 12 ብቻ ናቸው። አሲስት ማለት በእኛ ቋንቋ ረዳት ማለት ነው። ስም ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ አልልህም፤ ሆኖም ያው ተቋም በ2019 ለሁለት ሺህ ያህል ነጂዎች የመሣሪያዎቹን ስም ብቻ እየነገረ ሲጠይቃቸው፥ አውቶፓይለት የሚለውን የሰሙት በመቶ 48 እጅን ከመሪ ማንሣት አያሰጋም ብለዋል፤ በሌሎቹ ስሞች እንዲህ ያሉት ከመቶ ከ33 አልበለጡም። በ2024 ደግሞ ተቋሙ 14 መሣሪያዎችን መርምሮ ነጂውን ንቁ አድርጎ በመጠበቅ ረገድ 11ዱን ደካማ አላቸው፤ ደኅና ነው የተባለው የሌክሰስ አንድ ብቻ ነው።

ይህ መተማመን ከወዴት ይመጣል? ነጂዎቹ ሞኞች ስለ ሆኑ እንዳይመስልህ። በ1948 ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የራዳር ጠባቂዎች ለምን እንደሚሳሳቱ ለማወቅ አንድ ፈተና አዘጋጀ። የሰዓት ገበታ በመሰለ ባዶ ክብ ላይ አንዲት ቀስት በየሴኮንዱ አንዲት እርምጃ ትሄዳለች፤ ከስንት አንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ በአንድነት ትዘላለች። የተፈታኙ ሥራ ዝላዩን ባየ ጊዜ ቁልፍ መጫን ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ጤነኞችና ንቁዎች የሆኑ ወጣቶች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ዝላዩ ያመልጣቸው ጀመር። ምንም የማይሆንበትን ነገር ትኩር ብሎ መጠበቅ የሰው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያቅተው ሥራ ነው። በጽሕፈት ቤት ሰነድ ስታመሳክር የዋልህ ወንድሜ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ዘጠና ዘጠኙ ትክክል ሆኖ አንዱ ሲሳሳት ያ አንዱ ያልፍሃል። መሣሪያውም እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ጠባቂው ይበልጥ ይተኛል።

በግንቦት 2016 በፍሎሪዳ አንድ የቴስላ ነጂ በአውቶፓይለት ሲሄድ፥ መንገዱን በአግድም ይሻገር ከነበረ የጭነት መኪና ተሳቢ ሥር ገብቶ ሞተ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት፥ እጁ በመሪው ላይ መሆን በሚገባው በ37 ደቂቃ ውስጥ ነክቶት የተገኘው 25 ሴኮንድ ብቻ ነበር። መሣሪያውም ሰውየውም ፍሬን አልያዙም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ቲቶር በ1936 ፕሬዚዳንት የነበረበት የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ2014 መኪናን ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ አውጥቶለታል። ሱፐር ክሩዝም ብሉ ክሩዝም ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። በዚህ ደረጃ እጅህ ቢያርፍም ነጂው አንተ ነህ። በሦስተኛው ደረጃ መኪናው እየነዳ ሳለ ዓይንህን ብታነሣም ይፈቀድልሃል፤ መርሴዲስ በ2022 በጀርመን አገር እንዲህ ያለውን መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ግን በአውራ ጎዳና ብቻ፥ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ፥ ጥራ ሲልህም አሥር ሴኮንድ ጊዜ እየሰጠህ። አሥር ሴኮንድ ብዙ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ግን ይህን አይሰጥህም። በዋሺንግተን በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን አሉ፤ መንጃ ፈቃዳቸው እንጀራቸው ነው። ፖሊስ በመንገድ ዳር ሲያቆማቸው መኪናዋ ነበረች የምትነዳው ቢሉት የሚሰማቸው የለም።

አዳማ ደርሰን ቡና ስንጠጣ ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ለጋሼ አወጋኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «የኔም ረዳት እንዲሁ ነበር» አሉ።

በዚያ ዘመን የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ሲቆሙ ታኮ ከጎማ ሥር የሚያስገባ፥ ጎማ የሚፈታ፥ ሌሊት ዕቃ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ከሚሌ ወዲያ ምድረ በዳው ሜዳ ሲሆን ጋሼ መሪውን ይሰጡት ነበር፤ ካልነዳ አይለምድማ።

«ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ሜዳውን ከእኔ የተሻለ ይነዳዋል» አሉ። «ችግሩ ግመል ነው። ግመል መንገድ የገባ እንደሆነ ወይም ድልድይ የፈረሰ እንደሆነ፥ ጋሼ! ብሎ ይጮህና መሪውን ይለቃል። ያን ጊዜ እኔ ወዴት እንዳለን እንኳ አላውቅም።»

«እርሱ ሲነዳ ተኝተው ያውቃሉን?» አልኋቸው።

«አንድም ቀን። ራሴ ስነዳ እደክም ነበር፤ እርሱ ሲነዳ ግን አረጅ ነበር።»

የእህቴ ልጅ፥ መሣሪያው ከረዳትዎ ይሻላል፥ እንቅልፍ አያውቅም፥ ጫት አይቅምም ብሎ ተከራከራቸው። ጋሼ አልካዱም። ቋንቋውን ካወቅህለት ደኅና ሳይሆን አይቀርም አሉና ሒሳብ ከፍለው ተነሡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ መኪናው ስንገባ ቀበቷቸውን አስረው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረጉት።

«ልጄ፥ ስንመለስ በእጅህ ንዳ፤ እኔ ጥቂት ልተኛ» አሉት።

ቱሉ ዲምቱ የክፍያው በር ዘንድ እስክንደርስ ድረስ ሲያንኮራፉ ነበር።