ሕክምናው አለቀ፤ ክኒኑ ግን አላለቀም



የላስታ ደጋ ሌሊት ጋቢ ደራርበው የሚተኙበት ብርድ አለው። በዚያ ብርድ አንዲት እናት ጋቢዋን ገፍፋ፣ ፊቷ በላብ ርሶ ስትነሳ ቤተሰብ ይደነግጣል። «በሽታው ተመለሰባት እንዴ?» ይባላል። እሷም «የሚያቃጥለኝ ይሄ ክኒን ነው» ብላ ልታቆመው ትችላለች። ትልቁ አደጋ ይኸኛው ነው።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የላሊበላ እናት ዘመድ ቤት ተጠግታ ነበር የምትታከመው። ስትመለስ ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይላታል፤ ሁሉም ያለቀ ይመስላል። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ግን ታሞክሲፈን ወይም አናስትሮዞል የተባለውን ክኒን ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት በየቀኑ መውሰድ ይኖርባታል። ታሞክሲፈን ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ዕጢውን እንዳያሳድግ ይከላከላል። አናስትሮዞል ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሰውነት የሚሠራውን ሆርሞን ይቀንሳል። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ቁርጥማቱና እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኛው የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ታዲያ ምን ይረዳታል? ቀስ ያለ እንቅስቃሴ። በአሜሪካ 121 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እንደ አናስትሮዞል ያሉ መድኃኒቶችን እየወሰዱ ለአንድ ዓመት እንቅስቃሴ የሠሩት ሴቶች የመገጣጠሚያ ሕመማቸው 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ትንፋሽንና ቀስ ያለ እንቅስቃሴን የሚያጣምሩት ዮጋና ታይ ቺም ድካምን፣ ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ያቀላሉ። ስሙ ባዕድ ከሆነባችሁ ተዉት፤ ዋናው ሥራው ነው።

ሐኪሟ ከፈቀደላት በቤት እንዲህ ትጀምር፦

ትንፋሽ፦ መደብ ላይ ተቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ ታድርግ። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትሳብ፤ ስታስወጣ ደግሞ ከሳበችበት ጊዜ ታስረዝም። ለ5 ደቂቃ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት።

ትከሻ፦ ግድግዳ ፊት ቆማ በጣቶቿ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትውጣ። ሕመም ሲሰማት ትቁም።

እግር፦ ከበርጩማ 10 ጊዜ ትነሳ፣ ትቀመጥ።

ጉዞ፦ በ10 ደቂቃ ጀምራ፣ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ እስክትደርስ ቀስ በቀስ ትጨምር። እየሄደች ማውራት ከቻለች ልኩ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ከዳገቱ በፊት ሜዳውን ትልመድ። አናስትሮዞል አጥንት ስለሚያሳሳ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ብቻዋን ባትወጣ ይሻላል።

ለጸሎት ስትቆም በመቋሚያ መደገፍ ነውር የለውም። ክንዷ ካበጠ ወይም ትከሻዋ ካልተፍታታ፣ በእጅ መሬት ተደግፎ መስገዱን ሐኪም እስኪፈቅድ አቆይታ ጎንበስ በማለት ትተካው። ጸበል መጠመቅም ክኒኑን ለማቆም ምክንያት አይሁን። በጾም ወቅት የምትወስድበትን ሰዓት ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከርበት።

እንቅስቃሴው የክኒኑ ምትክ አይደለም፤ ክኒኑን እንድትችለው የሚያግዝ እንጂ። አንድ እግሯ ካበጠና ካመማት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ካየች ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ትሂድ።

እናንት ልጆችና ባሎች፣ ጀሪካኑን ተቀበሏት። እናንት አያቶች፣ «ምን ሆነሽ ትቅበጫለሽ?» አትበሏት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማታ ማታ «ክኒንሽን ወሰድሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ ጠዋት ደግሞ ነጠላውን አጣፍቶ አብሯት ይሂድ።