የምግብና የመጠጥ ፋብሪካን መኪና የሚጠግን ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል

ለክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ ለግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ኀላፊዎች።

ስለ ዘርና ስለ በሬ፥ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ብዙ ተጽፏል፤ ይህም የተገባ ነው። ዳሩ ግን እህሉ ከዐውድማ ከወጣ በኋላ፥ ፍሬውም ከዛፉ ከተለቀመ በኋላ የሚገባበትን መኪና ማን እንደሚጠብቀው፥ ሲሰበርም ማን እንደሚጠግነው የሚናገር ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ፍሬ አንዲት ኩሽኔታ በመበላቷ ምክንያት ሲበሰብስ እያየን፥ ነገሩ የግብርና ጉዳይ አይደለም ብለን ለሌላ መሥሪያ ቤት ልንተወው የሚገባ አይመስለኝም።

ነገሬን በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ላይ አደርጋለሁ። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ፥ ይልቁንም በጊራና በኩል፥ ማንጎና ፓፓያ ብርቱካንና ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ በቀረውም መሬት ጤፍና ማሽላ ይዘራል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ወደ እርሻው ይሄዳል። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ በወልድያም የሞያ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አሉ። እንግዲህ በዚህ አገር ዐዋቂ ጠፍቷል የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላየውም። የጠፋው ሌላ ነው፤ ይኸውም ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወፍጮው ወይም የዳቦ ቤቱ መቡኪያ ወይም የወተቱ ማቀዝቀዣ ይቆማል። ባለቤቱ በመጀመሪያ በመዶሻ ይሞክራል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱን የመኪና ሾፌር ይጠራል፤ በመጨረሻም ከኮምቦልቻ ወይም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአዲስ አበባ ሰው ይለምናል። ሰውየው መጥቶ ከፍቶ አይቶ መለዋወጫው የለም ብሎ ይመለሳል። የበሰለ ማንጎ ግን እንዲህ ያለውን ምልልስ አይጠብቅም፤ ከተለቀመ በኋላ ዕድሜው የጥቂት ቀናት ነው። ወተትማ በሰዓት የሚቈጠር ነው። ስለዚህ በየስብሰባው የጭማቂና የማርማላታ ፋብሪካ በመርሳ ይተከል ሲባል ስሰማ፥ አሳቡን ደግፌ ወዲያው የምጠይቀው፥ በተተከለ በስድስተኛው ወር ፓምፑ ሲያፈስ የሚጠግነው ልጅ ዛሬ የት ተቀምጦ እየተማረ ነው ብዬ ነው።

የዚህ ሞያ ሥራ ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ላስረዳ፤ ሰው ያላወቀውን ነገር ለማስተማር ገንዘብ አይመድብምና።

በሦስት መስመር በሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚዞር የወፍጮ ሞተር ከሦስቱ አንዱ መስመር ሲቋረጥበት ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ እያጓራ ይዞራል። በቀሩት በሁለቱ መስመሮች የሚሄደው ኀይል ከልክ በላይ ስለሚሆን ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይግላል፥ የመዳብ ጥቅሉም ይቃጠላል። ይህን አስቀድሞ ዐውቆ ኀይሉን የሚቈርጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ደጋግሞ ስላጠፋባቸው ሥራ ይፈታል ብለው ነቅለው ሽቦውን በቀጥታ የሚያስሩ አሉ። የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ስለ ምን ያጠፋል ብሎ ይመረምር ነበር እንጂ የሚጮኸውን ዘበኛ አያባርርም።

ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። ከመሰበሩ አስቀድሞ ይጮኻል፥ ይግላል፥ ይንቀጠቀጣል። ግራሶ ሲያንሰው ይደርቃል፤ ሲበዛበትም ይግላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን አያውቅም። ቺንጋው ከልክ በላይ ሲወጠር ሸክሙ በኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ሲላላ ደግሞ ተንሸራትቶ ይቃጠላል። የወፍጮው ድንጋይ በጊዜው ካልተወቀረ ዱቄቱ ይግላል፥ ሞተሩም ያለ ጥቅም ይደክማል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ጆሮና መዳፍ ካልለመዱት በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም።

በምግብና በመጠጥ ላይ የሚሠራ ጠጋኝ ደግሞ ከሌላው ጠጋኝ የሚለይበት ነገር አለ። የካሚዮን ጠጋኝ ግራሶው በመንገድ ላይ ቢንጠባጠብ ጉዳቱ የግራሶው ዋጋ ነው። በዳቦ ሊጥ ወይም በጭማቂ ላይ ቢንጠባጠብ ግን ሰው ይበላዋል፤ ስለዚህ ምግብ በሚነካበት ስፍራ ለምግብ ተብሎ የተለየ ቅባት እንጂ የተገኘው ሁሉ አይቀባም። ከተበላ ብረት የሚረግፈው ቅንጣት በዱቄቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ለመያዝ በዱቄቱ መንገድ ላይ ማግኔት ይደረጋል፤ ማግኔቱም በየጊዜው ካልተጠረገ እንደሌለ ይቈጠራል። በጥገና ጊዜ የጠፋች አንዲት ብሎን እስክትገኝ ድረስ መኪናው አይነሣም። ወተት በሚፈላበት ቤት ሙቀቱ 72 ዲግሪ ደርሶ 15 ሴኮንድ ሊቆይ ይገባዋል፤ መለኪያው 4 ዲግሪ አብልጦ ቢያሳይ፥ ሠራተኛው 72 አየሁ ሲል ወተቱ 68 ብቻ ደርሷል፥ በሽታውም አልሞተም ማለት ነው። እንግዲህ መለኪያውን የሚያስተካክለው ሰው ሳይታይ የሕፃናትን ጤና ይጠብቃል። ቧንቧው በኮስቲክ ሶዳና በሙቅ ውሃ ሲታጠብ፥ በቢራ ጠመቃም ቤት ማቀዝቀዣው በአሞኒያ ሲሠራ፥ ያልተማረ እጅ ዐይንን ያጠፋል፥ ሳንባን ያቃጥላል። መኪና ለመጠገን የሚገባ ሰው ደግሞ ኀይሉን አጥፍቶ ማብሪያውን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ሳይዝ እጁን ወደ ውስጥ አይሰድም፤ ሌላው ሳያውቅ አብርቶበት ጣቱን ወይም ነፍሱን ያጣል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሦስት ወር የሚያልቅ አይደለም። አባቶቻችን ዜማን እንዴት እንዳስተማሩ እናስብ። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ዓመታት ይቀጽላል፤ ምልክቱን ከመጽሐፍ ያያል፥ ድምፁን ግን ከመምህሩ አፍ ይወስዳል፤ መምህሩም ተመርምሮ በቅቷል ሳይል አይለቀውም። ፈረንጆችም በእጅ ሥራ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በእነርሱ ቁጥር በ1563 የወጣው ሕግ ሞያ ለመማር 7 ዓመት እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር። ዛሬም በጀርመን አገር የፋብሪካ መኪናና ኤሌክትሪክ በአንድነት የሚማር ወጣት ሦስት ዓመት ተኩል ይቆያል፤ ከሳምንቱም አንድ ወይም ሁለት ቀን በትምህርት ቤት፥ የቀረውን በፋብሪካ ያሳልፋል፤ በዚያም ጊዜ አበል ይከፈለዋል።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለነበሩት የውጭ አገር የእጅ ሠራተኞች የአገር ልጆችን ሰጥተው አብረው እንዲሠሩና እንዲማሩ አድርገው ነበር። እነዚያ ሠራተኞች ራሳቸው መድፍ መሥራት ሞያቸው አልነበረም፤ እየሞከሩ እየከሸፈባቸው ተማሩት። ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ ተጐተተ፤ ዛሬም በእኛው በወሎ ተራራ ላይ ይታያል። በ1860 ዓ. ም. ንጉሡ ሲያርፉ ግን የጋፋት ሥራ ተበተነ። መድፉ ቀረ፥ ሞያው አልቀረም። ስለ ምን ቢባል በእኔ አስተያየት ትምህርቱ በንጉሡ ፈቃድ ላይ እንጂ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በሚሄድ ሥርዐት ላይ ስላልቆመ ነው። በኋላም በ1934 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሞያው ትምህርት ቤት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በየአውራጃው በዝቷል፥ የሥራው ስፍራ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋራ አልተጋባም።

ሕጉስ ይጐድላል እንዳይባል፥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይናገራል። ተለማማጁ ዕድሜው ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ውሉ በጽሑፍ ሊሆንና በሚመለከተው ባለሥልጣን ሊረጋገጥ ይገባል፤ የሚማረው ሞያና የሚቆይበት ጊዜ፥ የሚከፈለውም ገንዘብ በውሉ ይጻፋል፤ አሠሪው ከሞያው ጋራ ግንኙነት በሌለው ሥራ ሊያሠራው አይችልም፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፥ ሌሊትም እንዳይሠራ ተከልክሏል። በሞያ ትምህርት ቤቶችም ደንብ ከትምህርቱ 70 ከመቶው ተግባር፥ 30 ከመቶው ቃል እንዲሆን፥ ተግባሩም ከድርጅቶች ጋራ በመተባበር እንዲፈጸም ተወስኗል።

ታዲያ ምን ጐደለ? ውሉ ጐደለ። ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት ልምምድ ተብሎ ወደ ድርጅት ይላካል። ባለቤቱ መኪናውን ይሰብርብኛል ብሎ ይፈራና መጥረጊያ ያስይዘዋል፥ ሻይ ያስመጣዋል፤ በመጨረሻው ቀን በወረቀቱ ላይ ማኅተም ያትምለታል። ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን ይቈጥራል፥ እኛም በጽሕፈት ቤት የተቀመጥነው ቍጥሩን ወደ በላይ እናስተላልፋለን። በዚህ ጊዜ ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን አልተማረም።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። በመርሳ ብቻ አንድን ልጅ ሙሉ ጠጋኝ የሚያደርግ ድርጅት የለም፤ አንዱ ወፍጮ ቤት ወፍጮን፥ አንዱ ዳቦ ቤት ምድጃን ብቻ ያሳየዋል። ስለዚህ ውሉ ከአንድ ባለቤት ጋራ ሳይሆን በወረዳው አማካይነት ከብዙዎች ጋራ ቢደረግ ይሻላል። ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት በሀብሩ በወፍጮና በመስኖ ፓምፕ ላይ ያድርግ፤ ግራሶውን፥ ቺንጋውን፥ ኩሽኔታውን ይልመድ። በሁለተኛው ዓመት በወልድያ ኮሌጅ ብየዳን፥ ቶርኖንና ኤሌክትሪክን ይጨምር፥ በሳምንትም ሁለት ቀን በከተማው ዳቦ ቤቶች ይዋል። በሦስተኛው ዓመት ኮምቦልቻ ወርዶ በቢራው ፋብሪካ ወይም እንደዚያ ባለ ትልቅ ቤት ቦይለርን፥ ማቀዝቀዣንና ቧንቧ ማጠብን ይይ። ባለ ትልቁ ፋብሪካ ለምን ይቀበለዋል ቢባል፥ አሳዳጊ የሌለው ሞያ ለእርሱም ስለሚያልቅበት ነው። አስተማሪው ጠጋኝ ደግሞ ስለ ማስተማሩ የተለየ ክፍያ ያግኝ፤ ያለዚያ ዕውቀቱን ለእንጀራው ብሎ ይደብቃል፥ በዚህም አልፈርድበትም።

ካስተማርሁት በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል የሚሉ ባለቤቶች አሉ። እውነት ነው፥ አንዳንዱ ይሄዳል። ነገር ግን ዛሬም ሳይማር እየሄደ ነው። ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው የመንን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረብያ እንደሚሄዱ፥ ከእነርሱም በመንገድ የሚቀሩ እንዳሉ በየቤቱ የሚታወቅ ኀዘን ነው። መፍቻ ይዞ በወር የተወሰነ አበል የሚያገኝ ልጅ ሁሉ ከመንገዱ ይመለሳል አልልም፤ ቤተ ሰቡ ግን ለደላላ ከብት ከመሸጡ በፊት የሚያመዛዝነው ሁለተኛ ነገር ይኖረዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የቆየው ንቀት ነው። ባለ እጅን ቀጥቃጭ እያሉ መስደብን ዳግማዊ ምኒልክ በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሆኖም ልጃቸው በቅባት የተለወሰ ቱታ ለብሶ ሲመጣ የሚያፍሩ ወላጆች አሁንም አሉ፤ ይልቁንም ሴት ልጅ ስትሆን። ሴቶች ልጆች ግን ወፍጮ ቤትን ከወንዶች ይልቅ ያውቁታል፤ እህል ተሸክመው ወረፋ የሚጠብቁት፥ ሲሰበርም ተሸክመው ወደ ሩቁ የሚሄዱት እነርሱ ናቸውና። ከተለማማጆቹ እኩሌታው ሴቶች ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. በወልድያና በአካባቢው ጦርነት በነበረ ጊዜ የውሃው ተቋምና የትምህርት ቤቱ መሣሪያ በብዙ ስፍራ ተዘርፏል፥ ተሰባብሯል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና በርዳታ ሲመጣ ከመኪናው ጋራ የጠጋኝ ማስተማሪያ ገንዘብ አብሮ ይምጣ ብለን ብንጠይቅ ነውር የለበትም፤ ሰጪዎቹ ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ይወዳሉ፥ ልጅ ሲማር ደግሞ ጥሩ ፎቶግራፍ ይወጣዋል።

ለመጀመር ግን ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ነገር የለም። የማንጎው መልቀሚያ ሳይደርስ እያንዳንዱ ቀበሌ ያለውን ወፍጮ፥ ፓምፕ፥ ምድጃና ማቀዝቀዣ ይጻፍ። ቅጹ አራት ዓምድ ይበቃዋል፤ መኪናው ምን እንደ ሆነ፥ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን እንደ ቆመ፥ ማን እንደ ጠገነው፥ ጠጋኙም ከስንት ኪሎ ሜትር እንደ መጣ። ቅጹ ተሞልቶ ሲመጣ በሦስተኛው ዓምድ የአገር ልጅ ስም የተጻፈበትን ለይታችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራን እነርሱ ናቸው፥ የመጀመሪያዎቹም ውሎች ከእነርሱ ጋራ ይፈረሙ።