ደብተሩስ አለ፤ መድኃኒቱስ?

በዚህች መጽሔት ስለ ቤት መምቻና ቤት መድፊያ ስንከራከር ኖረናል፡፡ ዛሬ የምንከራከረው ስለ አንዲት ቃል ነው፡፡ ቃሏ «የለም» ናት፤ የምትሰማውም በመድኃኒት ቤት መስኮት ነው፡፡

ለእረፍት ዳንግላ የገባን ጊዜ አንዲት ጎረቤታችንን ይዘን ወደ አንድ የመንግሥት ሕክምና ቤት ሄድን፡፡ እማማ የጤና መድን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል፡፡ ካርድ በነፃ ወጣላቸው፤ ተመረመሩ፤ ደም ግፊት ነው ተባሉ፤ ማዘዣ ተጻፈ፡፡ እስከዚህ ሁሉም እንደ ውሉ ነው፡፡ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን «የለም፤ ከውጭ ይግዙ»! ዶሮ ተሸጦ ተገዛ፡፡ ታዲያ የዓመቱ መዋጮ ምን ሊሠራ ተከፈለ?

የአንድ ቤት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንን፡፡ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ነበሩ፡፡ ስለዚህ «ገና ጀማሪ ነው» የሚለው ማመካኛ እኛ ዘንድ አይሠራም፡፡ ውሉም ግልጽ ነው፤ ጤነኛ ሳለህ ከአዝመራህ ክፈል፣ ስትታመም ኪስህን አትዳብስ፡፡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በአልማ አታ የወጣው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ እንኳ አስፈላጊ መድኃኒቶችን ማቅረብን በስም ጠቅሶታል፡፡ መድኃኒት የማይከተለው ምርመራማ ለሕመሙ ስም ከማውጣት አያልፍም፡፡

«ገበሬው መድን ምን እንደሆነ አይገባውም» የሚሉ አሉ፡፡ (ብዙዎቹ የእኛው ምሩቃን መሆናቸው ያሳፍራል፡፡) እንዴ! በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሕዝብ መድን አይገባውም? እድር ምንድን ነው? መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፤ እውነት ነው፡፡ ግን በቀብር ቀን ድንኳኑ ባይተከል ዳኛውና ገንዘብ ያዡ አባል ፊት ቆመው ይጠየቃሉ፡፡ «ድንኳን የለም፤ ከውጭ ተከራዩ» ብሎ የሚያመልጥ የእድር ዳኛ እስቲ አሳዩን!

መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ አንወቅስም፡፡ መደርደሪያውን ያራቆተችው እሷ አይደለችም፡፡ የሙያ ጓደኞቿ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደመወዙ ለኑሮ አልበቃ ብሎ ነው፡፡ አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ እንደሚገባ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህም ብር እንደወረደ እናውቃለን፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚቀር ለዳንግላ ልጅ አይነገርም፡፡ ይሁን፡፡ ግን ይህ ሁሉ ምክንያት ተደርድሮ ሲያበቃ ዕዳውን የምትከፍለው የእማማ ዶሮ ብቻ የሆነችው ለምንድን ነው? መዋጮ ሰብሳቢው በራቸው ሲመጣ እሳቸው «የለም» ቢሉ ይሰማቸዋል?

እማማ «ከእንግዲህስ አላድስም» ብለዋል፡፡ ይህ ያስፈራናል፤ ጤነኛው እየወጣ በሽተኛው ብቻ ከቀረ ካዝናው ይሞታልና፡፡ መድኑ እንዲፈርስ አንሻም፤ እንዲከፍል ነው የምንሻው፡፡

ያለውና የሌለው መድኃኒት በየሳምንቱ በር ላይ ይለጠፍ፡፡ «የለም» የሚባለው በማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ቀን ይኑረው፣ ይታተምበት፤ ከውጭ የተገዛበትንም ገንዘብ መድኑ ይመልስ፡፡ የካዝናው ሒሳብ እንደ እድር ሒሳብ በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ፡፡ እኛም ለእረፍት ስንገባ ጠጅ ቤት ከምንከትት፣ ደረሰኝ ይዞ አቤቱታ መጻፍ ላቃተው ጎረቤት ቁጭ ብለን እንጻፍለት፡፡ የእማማን ጽፈናል፤ መልሱን እንጠብቃለን፡፡