ኮይሻ ከመሙላቱ በፊት ኦሞን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንሱት

ከዱቦ እስከ ሁምቦ ማይክሮስኮፕ ለሰው አዲስ አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው ጣቱን ይወጋል፣ ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ባለሙያው አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሮ በ100 እጥፍ ሌንስ ወባን ይፈልጋል። ይኸው ሌንስ የወንዞችንም ጤና ሊያሳይ እንደሚችል ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም።

ወንዝ ሲሻገሩ እግር የሚያንሸራትተው፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ቡናማ ልጋግ አብዛኛውን ጊዜ በዲያቶም የተሞላ ነው። ዲያቶም ባለአንድ ህዋስ አልጌ ነው። ቤቱ መስታወት መሰል ሲሊካ ሲሆን፣ እንደ ሞሰብና ክዳኑ ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ ዝርያ ጨዋማ ውሃ፣ ሌላው ንጹህ ጅረት፣ ሌላው ፍሳሽ የገባበትን ውሃ ይወዳል። ዲያቶሙ ሲሞት ቅርፊቱ ቶሎ ስለማይጠፋ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ቅርፊቱን የለየ የውሃውን ጠባይ አወቀ ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ባዕድ ሳይንስ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስ የአፋርን ሐይቆች ዲያቶሞች ለዓመታት አጥንታለች። በ2002 እ.ኤ.አ. የአቢጃታ ሐይቅ ያለፉ ምዕተ ዓመታት ለውጥ ከደለሉ ሲነበብ፣ ጥናቱን የመራው ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ለገሰ ነበር።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ተአምር አይጠይቅም። ልጋጉ በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተቀቅሎ ሥጋው ሲወገድ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ታጥቦ ስስ መስታወት ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በልዩ ሙጫ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ወሳኝ ነው። ሲሊካ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ለተለመደው የላብራቶሪ ሙጫ ስለሚቀርብ፣ በእሱ ከተለጠፈ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ። 1.7 አካባቢ የማጠፍ ኃይል ያለው ሙጫ ግን ጥርት አድርጎ ያወጣቸዋል። ፎቶውን ስልክም ቢሆን ከዓይን ሌንሱ ላይ ያነሳዋል። ትኩረቱን ትንሽ ትንሽ እየቀየሩ ብዙ ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ደግሞ ይበልጥ ያጠራዋል።

ታዲያ ለምን አሁን? ምክንያቱ ከወላይታ በስተምዕራብ የሚፈሰው ኦሞ ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ይሮጥ የነበረው ውሃ ሐይቅ ሆኗል። ውሃ ሲቆም ድንጋይ ላይ የሚለጠፉት ዲያቶሞች ቦታቸውን ለሚንሳፈፉት ይለቃሉ። ከግቤ 3 በታች ደግሞ የኮይሻ ግድብ እየተገነባ ነው። ግድቡ ከሞላ በኋላ «ውሃው ተበላሸ ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር?» የሚል ክርክር ሲነሳ፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ወገን የሚመልሰው አይኖረውም።

«ሰው በወባ እየታመመ የአልጌ ፎቶ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ለታካሚ ነው፤ ማንም ሊነካው አይገባም። ይህ ሥራ የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ቤት ነው። የባዮሎጂ ተማሪ በልምምድ ሰዓቱ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ከሚያይ የገዛ ወንዙን ቢያይ ምን ይጎድልበታል? ከሙጫው በቀር የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከላብራቶሪ አይጠፋም። ሙጫውም ቢሆን ለአንድ ስላይድ ጠብታ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት፣ የልኬት መስመር የሌለው ፎቶ ጌጥ ብቻ ነው። ስላይዱ ሶዶ ላይ ቢቀመጥ፣ ፎቶው ለማንም ክፍት ቢሆን፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ከራሱ ናሙና ጋር ያስተያየዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ግድቡ አንዴ ከሞላ የዛሬውን ወንዝ ሄዶ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ዛሬ ግን አንድ የጥርስ ብሩሽና አንድ ብልቃጥ ለመነሻ ይበቃል።