9,363,584 የማን ነው?

እስኪ እርሳስና ወረቀት ያንሱ። 220ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ቁጥሮች፣ ራሱን 220ን ትተው ይጻፉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 11፣ 20፣ 22፣ 44፣ 55፣ 110። ሲደመሩ 284 ይሆናሉ። የ284ን አካፋዮችም ይደምሩ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 71፣ 142። ድምሩ 220! ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ጥንዶች «ተዋዳጅ ቁጥሮች» ይሏቸዋል። የ220 አካፋዮች ድምር ከራሱ ስለሚበልጥ ቁጥሩ «ትርፍ» ነው፤ 284 ግን «ጎዶሎ» ነው። የአንዱ ትርፍ 64 ነው፤ የሌላው ጉድለትም ያው 64 ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንግባ። በርካታ የሒሳብ ታሪክ መጻሕፍት 17,296ን እና 18,416ን ፌርማ በ1636 እ.ኤ.አ.፣ 9,363,584ን እና 9,437,056ን ደግሞ ዴካርት በ1638 አገኙ ብለው ጽፈዋል። ታዲያ በ901 ባግዳድ ላይ ያረፈው ሳቢት ኢብኑ ቁራ የጻፈውን ደንብ የት እናድርገው?

ደንቡ ይኸውና። 2ን ደጋግሞ በማባዛት የሚገኙ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን፣ 64ን እና 128ን እንውሰድ። እያንዳንዱን በ3 አባዝተን 1 ስንቀንስ 191 እና 383 ይወጣሉ። ሁለቱን እርስ በርስ ስናባዛ 8,192፤ ይህንን በ9 አባዝተን 1 ስንቀንስ 73,727። ሦስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። እንግዲህ 128ን በ191 እና በ383 ያባዙ፤ 9,363,584 ነው። 128ን በ73,727 ያባዙ፤ 9,437,056 ነው። ደንቡ ሁልጊዜ አይሳካም። በ4 እና በ8 ብንጀምር 287 ላይ ይሰናከላል፤ 7 ጊዜ 41 ነውና። በ8 እና በ16 ስንጀምር ግን የፌርማ የተባለው ጥንድ ይወጣል። ይህንኑ ጥንድ ከማል አድ-ዲን አል-ፋሪሲ ከፌርማ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አስልቶታል፤ የሳቢትንም ደንብ በራሱ መንገድ አረጋግጧል። ትልቁን ጥንድ ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋርሳዊው ሙሐመድ ባቂር ያዝዲ አግኝቶታል።

«ፌርማ አልሰረቀም፤ ራሱ ደርሶበታል» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ሌባ አላልነውም። ነገር ግን ራስ መድረስ ሌላ፣ ቀድሞ መድረስ ሌላ።

ደግሞ እኛም ንጹሓን አይደለንም። ሳቢትን «ሙስሊም ሊቅ» እያልን የምንዘረዝር አለን፤ ሰውየው የሐራን ሳቢእ ነበር። በዐረብኛ ጻፈ፣ በባግዳድ ሠራ፤ ይህ በቂ ነው፤ ያልሆነውን መጨመር ለምን? ይባስ ብሎ ኢብኑ ኸልዱን እንደመዘገበው 220ን እና 284ን ለመስተፋቅር ክታብ የሚጠቀሙ ነበሩ። ሱብሃነላህ! ቁጥሩ «ተዋዳጅ» ስለተባለ ልብ የሚያዋድድ መስሏቸው ይሆን?

ሳቢትም ቢሆን ሁሉንም አልጨረሰም። በ1866 የ16 ዓመት ጣሊያናዊ ወጣት የሳቢት ደንብ የማይሰጠውን፣ ታላቁ ኦይለርም ያለፈውን ጥንድ አገኘ፦ 1,184 እና 1,210። እርሳሱ አሁንም እጅዎ ላይ ካለ ያካፍሉና ይዩት።