ዲግሪው ይጨመር፤ አስቀድሞ ግን ሰዓቱ

ከሥነ ምግብ ተማሪዎች ጋራ በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው ሳይሰማው የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ስንመረቅ ምን ተብለን እንጠራለን?» የሚል ነው። ሐኪሙ ሐኪም፥ ነርሷም ነርስ ናት። በሽተኛ ምን እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚበላ የሚመክረው ሰው፥ «ዳይቲሺያን» የሚባለው፥ በአገራችን ገና ስሙን ለብዙ ሰው ማስረዳት አለበት። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ሁለተኛ ዲግሪ ጨምርበት፤ ያን ጊዜ ይታወቅልሃል» ነው። ይህ ግማሽ መልስ ነው እላለሁ።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪን በዚህ ነገር ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አይጠፋም። ምግብ ግን የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቋንቋም፥ ሃይማኖትም፥ ልማድም ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድመን የሙያውን ክብደት እንመልከት። ብዙዎቻችን ያደግነው «ብላ፥ ጠግበህ ብላ» እየተባልን ነውና ምግብ እንደ መድኃኒት ልክ አለው ቢሉን አይዋጥልንም። ነገር ግን በረኀብ እጅግ ተጎድቶ ሐኪም ቤት የተኛ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን እስኪጠግብ ቢመገብ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ጥቂት በጥቂት፥ በየጥቂት ሰዓቱ እየተለካ ይሰጠዋል። ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ 100 ወይም ወደ ፕላምፒ ነት የሚሸጋገረው። እንዲሁም ኩላሊቱ የደከመ ሰው «ፍራፍሬ ብላ፥ ለጤና ነው» ቢባል፥ የጅማ ጓሮ የሞላው አቮካዶና ሙዝ በውስጡ ባለው ፖታሲየም የተነሣ ልቡን ሊጎዳው ይችላል። ደግነት ያለው ምክር ሁሉ መልካም ምክር አይደለም።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኗል። እናቶቻችን የሚያውቁት ፋፋም የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። የራሳችን ጅማም አላነሰችም። ከ2008 ጀምሮ በዚህች ከተማ የተወለዱ ሕፃናት የሰውነታቸው ሥጋና ስብ ተለይቶ እየተለካ፥ እያደጉ ሲሄዱም ክትትል እየተደረገላቸው የተጻፈው ጥናት በዓለም መጽሔቶች ተነብቧል። ዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ምግብና ዳይቴቲክስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ሁለተኛ ዲግሪም ይሰጣል። አዲስ አበባና ሐዋሳም በዘርፉ ያስተምራሉ። እንግዲህ የሕዝብን ረኀብ መለካት ተምረናል። የአንድን በሽተኛ ሳህን ማስተካከል ግን ሌላ ጥበብ ነው፤ ሌላ ልምምድም ይጠይቃል።

«በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ በሆኑባት አገር፥ ለስኳር በሽተኛ ምክር ሰጪ ማሠልጠን ቅንጦት ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። እኔ ግን ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቤት ውስጥ ሲያድሩ አይቻለሁ። በአጋሮ አካባቢ የምትኖር አክስቴ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት፥ ከሐኪም ቤት ይዛ የተመለሰችው «ጣፋጭ ተዪ፥ ምግብሽን አስተካክዪ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ማሩን ተወች። የበቆሎ ማርቃውን ግን እንደ ወትሮዋ በላች፤ በቆሎ ጣፋጭ ነው ያላት የለምና። ረመዳን ሲገባም መድኃኒቷን እየዋጠች ጾመች፤ አንድ ቀን ከዓሥር በኋላ ራሷን ስታ ወደቀች። እግዜር ይመስገን፥ ዛሬ ደኅና ናት። በዚያው ቤት ያለው የልጅ ልጇ ደግሞ የቡናው ገንዘብ አልቆ ክረምት ሲገባ የሚከሳ ልጅ ነው። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ያው አንድ ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዲግሪ እንመለስ። በአሜሪካ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገበ ዳይቲሺያን ለመሆን ለፈተና የሚቀርብ ሁሉ ማስተርስ እንዲኖረው ተደንግጓል። ይህን ሰምተን እኛም እንዲሁ እናድርግ ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን እዚያ ዲግሪው ብቻውን ማንንም ለፈተና አያስቀምጥም። ቢያንስ 1,000 ሰዓት በዐዋቂ ዓይን ሥር የተለማመደ መሆን አለበት። በእንግሊዝም ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነውና ያልተመዘገበ ሰው ዳይቲሺያን ነኝ ቢል ያስጠይቀዋል። እኛ ዲግሪውን ወስደን ሰዓቱን ብንተው፥ ጀበናውን ገዝቶ ቡናውን እንደ ረሳ ሰው እንሆናለን።

የአርት ተማሪው ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። የውጭው መጽሐፍ ለስኳር በሽተኛ የሚያዝዘው በቁራሽ ዳቦ እየቆጠረ ነው። እኛ ግን እንጀራ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ የማን ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ ማን ያውቃል? በሐኪም ቤትም ቢሆን ብዙው በሽተኛ የሚበላው ዘመድ በምሳ ዕቃ ያመጣለትን ነው። ስለዚህ ዳይቲሺያኑ ምክሩን የሚሰጠው ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ምሳ ዕቃውን ለያዘችው ሴት ጭምር ነው፤ ያውም በኦሮምኛ። የሁዳዴ ጿሚውንና የረመዳን ጿሚውንም ሳያስቀይም፥ ሃይማኖታቸው ለሕመምተኛ የፈቀደውን ፈቃድ ከቄሱና ከሼኹ ጋራ ተመካክሮ ማስረዳት አለበት። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

እንግዲህ ማኅበራችን ለትምህርት ክፍሉ እንዲያቀርብልን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተቈጠረ የልምምድ ሰዓት ይኑረው፤ ሰዓቱም በጅማው ሕክምና ማዕከል ብቻ ሳይወሰን በአጋሮና በሰቃ ጤና ጣቢያዎችም ይሁን። ሁለተኛ፥ የሙያው ፈተና ተማሪው በበሽተኛው አጠገብ ማድረግ የሚችለውን ይመዝን። ሦስተኛ፥ ምግባችን በእንጀራ፥ በጭልፋና በስኒ ተለክቶ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። ለዚህ ለሦስተኛው የአርት ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞርን ቃሉንና መስፈሪያውን ለመሰብሰብ ዝግጁ ነን፤ ከሰቶ ሰመሮ እንጀምር።

ዩኒቨርሲቲያችን «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ይላል። በማኅበረሰቡ ውስጥ መሆን ማለት ማድ ቤቱም ድረስ መግባት ነው።