በእህታችን ከመሳቃችን በፊት መንገዱን እናስተምራት



በየስልካችን የሚዞሩ ቀልዶች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈረች የገጠር ልጅ ቀበቶ ማሰር አቃታት፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ጠፋባት እየተባለ ይሳቃል። የምንስቀው እኛ የከተማ ልጆች ነን። ልጅቷ ግን የባዕድ ልጅ አይደለችም፤ የበቆጂ፣ የኢተያ፣ የሁሩታ፣ የሳጉሬ ልጅ ናት።

ከአርሲ ደጋ ተነስቶ ባሕር ስለተሻገረ ሰው ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚሉን ኃይሌ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ ናቸው። ሜዳሊያ ይዘው ሲመለሱ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቀብሏቸዋል። ከዚሁ ደጋ ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌትና ቤይሩት ሄደው ለእናታቸው የቆርቆሮ ቤት የሠሩ፣ ወንድማቸውን ያስተማሩ እህቶችን ግን የሚሸኛቸውም የሚቀበላቸውም ጥቂት ነው።

እስቲ መንገዷን እናስበው። ከአሰላ በአዳማ በኩል እስከ ቦሌ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ትጓዛለች። ቲኬቷ የውጭ አየር መንገድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አያደርሳትም፤ ዱባይ ወይም ዶሃ ወርዳ ሌላ አውሮፕላን ትቀይራለች። ማስታወቂያው በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ብቻ የምታውቅ ልጅ በዚያ ሰፊ ኤርፖርት የመሳፈሪያ በሯ ቢቀየር ማን ይነግራታል? ደላላው ቪዛውንና የበረራውን ቀን ነግሯታል። መንገዱን ግን ማንም አላስተማራትም።

ለማስተማር ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የመሳፈሪያ ካርዱ ላይ የበረራ ቁጥሩ፣ በሩና ሰዓቱ የት እንደተጻፈ ማሳየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እናቷ የቋጠሩላት ቅቤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊወሰድባት ይችላል፤ ጩኮውም ቅቤውም በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። የፓስፖርቷና የውሏ ፎቶ በስልኳም በቤተሰቧም እጅ ይኑር፤ አሠሪ ፓስፖርት ቢይዝባት የምትጠቀመው እሱን ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትንና የሥራ ፈቃድን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ መሆኑንም ትወቅ። ይህን የማታውቅ ልጅ አባቷ በሬ ሸጠው የማይገባትን ትከፍላለች።

ከሁሉ በላይ ሶላቷ አለ። «አውሮፕላን ላይ አይሰገድም» ብላ ወቅቱን የምታሳልፍ እህት አለች። ሙሳፊር መሆኗን፣ ባለ አራት ረከዓውን ሁለት አድርጋ ማሳጠር እንደምትችል፣ መግሪብ ግን ሦስት እንደሆነ ንገሯት። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርን በተመለከተ ኡስታዞቻችን እንደ መዝሀባቸው ያስረዷታል። ሱብሂ ግን ከሌላ ጋር አይጣመርም፤ ከማረፏ በፊት ወቅቱ የሚወጣ ከሆነ በቻለችው መንገድ ትስገድ። መቆም ካልቻለች ተቀምጣ፣ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ እያለች ትሰግዳለች። የኢኮኖሚ ክፍል መጸዳጃ ጠባብ ስለሆነ ከመሳፈሯ በፊት ውዱእ ብታደርግ ይቀላታል።

«ያለ መህረም ለምን ትሄዳለች?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው የዲን ጥያቄ ነው፤ ዑለሞች ይናገሩበታል፣ እኔም አልንቀውም። ግን መልሳችን እሱ ብቻ ከሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። እዚሁ ሠርታ እንድትኖር ምን አደረግን? በ2006 መንግሥት የሥራ ጉዞን ከልክሎ ነበር፤ እስከ 2010 በቆየው እገዳ ብዙዎች በሕገወጥ መንገድ፣ በበረሃና በጀልባ ሄዱ እንጂ ስደቱ አልቆመም። ጉዞዋን ማስቀረት ያልቻለ ሰው ቢያንስ መንገዷን አያጨልምባት።

አላህ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱን መንገደኛ አድርጎታል። ኢብኑ ሰቢል የምንለው በመንገድ ላይ ያለቀበትን ሰው ነው፤ በቤቱ ሀብታም ቢሆን እንኳ። ከመንገደኛ መብት እንዲህ ያለ ቦታ የሰጠ ዲን ተከታዮች በመንገደኛ ልንስቅ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአሰላም፣ በበቆጂም፣ በሌሎቹም ከተሞች በየመስጂዱና በየመድረሳው በሳምንት አንድ ከሰዓት ለተጓዥ እህቶች ይሰጥ። የምታስተምረው ሄዳ የተመለሰች እህት ትሁን፤ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን። እንግሊዝኛ የምንችል ወጣቶች ቲኬቱን እናንብብላት፤ ስልካችንን ሰጥተናት መንገድ ላይ ስትጨነቅ የምትደውልለት ሰው እንሁን። ወጪው ሻይ እንኳ አያህልም፤ አጅሩ ግን ትልቅ ነው።

ቀጣዩ ቪዲዮ ሲላክላችሁ አታጋሩት። በምትኩ በሰፈራችሁ ፓስፖርት ያወጣች እህት ካለች ቤቷ ሂዱና ቤተሰቧ ባለበት «ቲኬትሽን እስቲ አሳዪን» በሏት።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን። አሚን።